«ዝግ» ወይስ «የተሸፈነ»? ስለ አምፑል ሙቀት የሚነገሩ ቃላት አተረጓጎም

በአንዳንድ አምፑሎች ማሸጊያ ላይ በውጭ ቋንቋ የሚታተም አንድ አጭር ማስጠንቀቂያ አለ፤ አምፑሉ አየር በማይተላለፍበት ዕቃ ውስጥ እንዳይገባ ይከለክላል። ይህ ቃል «በተሸፈነ መብራት ውስጥ አይጠቀሙ» ተብሎ ቢተረጐም ሁለት ስሕተት ያስከትላል። በአባዡር ሥር ያለ አምፑል የተሸፈነ ነው፤ ነገር ግን ከታችና ከላይ አየር ስለሚያገኝ ጉዳት አይደርስበትም። በአንጻሩ ኮርኒስ ላይ በተገጠመ ድፍን የመስታወት ሉል ውስጥ ያለውን አምፑል፣ ብርሃኑ ወለል ብሎ ስለሚታይ፣ ማንም «የተሸፈነ» አይለውም፤ ጉዳቱ ግን ያለው እዚያ ነው። ስለዚህ ተርጓሚው ቃል ከመምረጡ አስቀድሞ የነገሩን አሠራር ሊያውቅ ይገባል።

አሠራሩን ለመረዳት ፋኖስን ማስታወስ ይጠቅማል። ፋኖስ በታች በኩል አየር ይስባል፤ የሞቀውም አየር በላይ ይወጣል። መተንፈሻው ቢደፈን ነበልባሉ ስለሚጠፋ ጉዳቱን ራሱ ያስታውቃል። የኤሌክትሪክ አምፑል ግን አየር ባይዘዋወርም ማብራቱን ይቀጥላል፤ ሙቀቱም ሳይታወቅ ይከማቻል።

ባለ ክር አምፑል ከሚወስደው ኃይል ውስጥ 90 ከመቶ በላይ የሚሆነው ብርሃን ሳይሆን ሙቀት ነው፤ አብዛኛውም በጨረር መልክ በመስታወቱ በኩል ይወጣል። ኤል ኢ ዲ የተባለው አምፑል የባለ ክሩን የ60 ዋት ሥራ በ9 ዋት ገደማ ይፈጽማል። ይሁን እንጂ ሙቀቱን በጨረር አያወጣም፤ ሙቀቱ በአካሉ በኩል ተላልፎ ወደ አካባቢው አየር መበተን አለበት። አየሩ መውጫ ካጣ የአምፑሉ መጠነ ሙቀት ከፍ ይላል፤ ብርሃኑም ይቀንሳል። በውስጡ የሚገኘው ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር፣ በመሐንዲሶች ግምታዊ ስሌት፣ መጠነ ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያህል ያጥራል።

ከዚህ በመነሣት የሚከተሉትን ስያሜዎች እናቀርባለን።

የአምፑል ቤት፦ በዕለት ንግግር አምፑሉም አምፑሉ የሚገባበት ዕቃም «መብራት» ይባላሉ። ማስጠንቀቂያው የሚናገረው ስለ አንዱ በሌላው ውስጥ መግባት ስለሆነ ሁለቱ መለየት አለባቸው። «የመነጽር ቤት» እንደምንል ሁሉ ዕቃውን «የአምፑል ቤት» ብለነዋል። አምፑሉ የሚጠመዘዝበት ክፍል «የአምፑል መያዣ» ይባል።

ዝግ፦ ከውጭ አየር ጋር መተላለፊያ የሌለው። መስታወት ይሁን ብረት፣ ብርሃን ያሳልፍ አያሳልፍ፣ ትርጉሙን አይለውጠውም።

ሙቀት በታኝ፦ ከአምፑሉ ሙቀት ተቀብሎ ወደ አየር የሚያሰራጭ የብረት አካል ነው። የባዕዱን ቃል በቁሙ ወስዶ «የሙቀት ገንዳ» ማለት ሙቀቱ በዚያ ተጠራቅሞ የሚቀር ያስመስላል፤ ሥራው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው።

ሙቀት ማስወጣት፦ «ማቀዝቀዝ» የሚለው ግስ ማቀዝቀዣን ስለሚያሳስብ፣ ቅዝቃዜ ከውጭ የሚጨመር ይመስላል። እዚህ የሚፈለገው ሙቀቱ መውጫ እንዲያገኝ ብቻ ነው።

በመጨረሻም የዋትን አጻጻፍ እንመልከት። በአምፑል ቤት ላይ «እስከ 60 ዋት» የሚለው ጽሑፍ በውስጡ ሊበራ የሚችለውን ትልቁን ኃይል ይወስናል፤ መጠኑ ከታለፈ የሽቦው ልባስ በሙቀት ደርቆ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። በኤል ኢ ዲ ማሸጊያ ላይ ያለው 60 ዋት ግን ብዙውን ጊዜ ብርሃንን ማወዳደሪያ ነው። ስለዚህ የኋለኛው «የ60 ዋት ባለ ክር አምፑል ያህል የሚያበራ» ተብሎ በሙሉ ይጻፍ እንላለን። ኃይልን የሚገልጸውና ብርሃንን የሚያወዳድረው ቁጥር በአንድ ዓይነት ቃል ከተተረጐሙ አንባቢው ሊለያቸው አይችልም።

ከእነዚህ የተሻለ ስያሜ በገበያና በሙያተኞች አንደበት ተለምዶ ያገኙ ተርጓሚዎች ቢያሳውቁን፣ ከፈጠርነው ይልቅ የተለመደውን ለመቀበል ዝግጁ ነን።