የጥጥ ትርፍ በአረም ወቅት ይወሰናል

ከጎንደር ወደ ሁመራ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ሳንጃ የታች አርማጭሆ ወረዳ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ባለው ቆላ ጥጥ፣ ሰሊጥና ማሽላ ይመረታሉ። ነጋዴው የጥጥ ዋጋ የሚጠይቀው በለቀማ ጊዜ ቢሆንም፣ የኩንታሉ ወጪ ከፍና ዝቅ የሚለው ግን በሐምሌና በነሐሴ፣ በአረም ወቅት ነው።

ምክንያቱ የጥጥ ቡቃያ አዝጋሚ መሆኑ ነው። በመጀመሪያዎቹ 8 ሳምንታት ገደማ ቅጠሉ መሬቱን አይሸፍንም። በዚህ ጊዜ አረሙ ውኃውን፣ የአፈሩን ምግብና ብርሃኑን ይሻማዋል። ከዚያ በኋላ ማረም ማሳውን ቢያጸዳም የጠፋውን ምርት አይመልስም።

በአዋሽ ሸለቆ በመስኖ የሚያመርት እርሻ ለዚህ ብልሃት አለው። ከመዝራቱ በፊት ማሳውን ያጠጣል፤ የበቀለውን አረም በትራክተር ገልብጦ ከዚያ በኋላ ይዘራል። ሆኖም መስኖም ዕዳ አለው። ውኃ በተለቀቀ ቁጥር አዲስ አረም ይበቅላል፤ ቦዩም የአረም ዘር ከማሳ ማሳ ያደርሳል። ሰርዶና እንግጫ ደግሞ ሥራቸው በማረሻ ሲቆራረጥ ይብሱን ይባዛሉ።

የሳንጃ ገበሬ ግን የሚጠብቀው ዝናብን ነው። ጥጡና አረሙ አብረው ይበቅላሉ። ሰሊጡም በዚያው ሰሞን አራሚ ይፈልጋል። በመሆኑም «ሳሉግ» የሚባሉት ከደጋ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ተፈላጊነት ይጨምራል፤ ክፍያውም ይንራል። ለምሳሌ አንድ ሄክታር ለማረም 15 ሰው ለአንድ ቀን ያስፈልጋል ቢባል፣ 100 ሄክታር 1,500 የቀን ክፍያ ይጠይቃል። ክፍያው በ50 ብር ቢጨምር የአንድ ዙር አረም ወጪ በ75,000 ብር፣ የሁለት ዙር በ150,000 ብር ያድጋል።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። አረም ከዋጠው ማሳ የተለቀመ ጥጥ ደረቅ ቅጠል ስለሚቀላቀልበት በመዳመጫ ደረጃው ዝቅ ይላል። አረም ነጭ ዝንብንም ያስጠልላል፤ የዝንቡ ጣፋጭ ፈሳሽ ጥጡን ስለሚያጣብቀው ፈትል ፋብሪካዎች ይሸሹታል። በ2010 ዓ.ም. የተፈቀደው ቢቲ ጥጥም የሚከላከለው ጓይ ትልን እንጂ አረምን አይደለም።

ስለሆነም ጥጥ አስቀድሞ ለመግዛት የሚዋዋል ነጋዴም ሆነ ገንዘቡን በእርሻው ላይ የሚያውል ባለሀብት፣ የመጀመሪያው አረም በወቅቱ መጠናቀቁን ሳያረጋግጥ በምርቱ ላይ ሒሳብ ባይሠራ ይመረጣል።