የሬዲዮ ትምህርትና ፋታው

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ አንሳልዶ በተባለ የጣሊያን ኩባንያ የተሠራው የአቃቂ ሬዲዮ ጣቢያ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጣሊያን ወረራ ዋዜማ ለዓለም ድምፃቸውን ያሰሙበት በመሆኑ በታሪክ መጻሕፍት ስሙ ይነሣል፤ ሬዲዮ ለመማሪያ ክፍል የዋለው ውለታ ግን እምብዛም አይወሳም።

የሬዲዮ ትምህርት በሥርዓተ ትምህርቱ መሠረት ተዘጋጅቶ በተወሰነ ሰዓት የሚተላለፍና በመምህር እየተመራ የሚደመጥ ትምህርት ሲሆን፣ መቀበያው ከባትሪ ድንጋይና ከአንቴና ሌላ ብዙም አይጠይቅም።

ሥር የሰደደው ስሕተት ይህን ትምህርት ተማሪው እጁን አጣጥፎ የሚሰማው ንግግር አድርጎ መቁጠር ነው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኒካራጓ ውስጥ፣ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በተሳተፈበት የሬዲዮ ሒሳብ ትምህርት ሙከራ የዳበረው ስልት እምብርቱ ንግግሩ ሳይሆን ፋታው፣ ማለትም አዘጋጁ ለተማሪው መልስ ሆን ብሎ የሚተወው ጥቂት ሴኮንድ ነው። ድምፁ «አራትና አምስት ስንት ነው?» ብሎ ጸጥ ይላል፤ ክፍሉ በአንድነት «ዘጠኝ!» ይላል፤ ሬዲዮውም «ዘጠኝ» ብሎ ስለሚያጸናው፣ ስምንት ያለው ልጅ ማንም ሳይስቅበት እዚያው ይታረማል። ፋታው ካጠረ ቀስ ብሎ የሚያስበው ተማሪ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ከረዘመ ደግሞ ፈጣኑ ጎረቤቱን መነካካት ይጀምራል፤ መልሱ በደብተር የሚጻፍ ሲሆንም ሬዲዮው የጠፋ እንዳይመስል ዝምታውን ሙዚቃ ይሞላዋል። በዚህች ፋታ መልሱን ቀድሞ የሚናገር መምህር (እንዲህ ያለው ጥቂት አይደለም) የአዘጋጁን ልፋት ከንቱ ያደርገዋል፤ የመምህሩን መምሪያ ሳያነብ ሬዲዮውን ከፍቶ በር ላይ የሚቆመው ግን ከዚህም ይብሳል።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማገባደጃ በሳተላይት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው «ፕላዝማ» የተባለው የቴሌቪዥን ትምህርት ሬዲዮን አስረስቶ ነበር፤ ሆኖም ትምህርቱ በእንግሊዝኛ እየተጣደፈ ስለሚያልፍና ተማሪው ጽፎ ሳይጨርስ ምስሉ ስለሚቀየርበት፣ ፋታ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያሳየው ሳያስበው ነው።

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ሲዘጉ ትምህርቱ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ወደ ቤት ገባ፤ ኢንተርኔት በሌለበት ቤት ሬዲዮ ዋነኛው አማራጭ ነበር። እቤት ውስጥ ግን ፋታውን የሚጠብቅ መምህር የለም፤ ስለዚህ ሬዲዮው ጸጥ ባለ ጊዜ ወላጆች ጣቢያውን ባይቀይሩና በልጁ ፋንታ ባይመልሱ ይመረጣል።