«ልጄ መድኃኒትም ይወስዳል፣ ጫትም ይቅማል»

 

የዛሬው ርዕሳችን መነሻ አንዲት እናት ለዝግጅታችን የላኩት ደብዳቤ ነው። ስማቸውንም ሰፈራቸውንም አላነሳም፤ እርሳቸውም እንዳይነሳ አደራ ብለዋል። ልጃቸው ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ሌሊት መተኛት ትቶ ብቻውን ማውራት፣ ጎረቤቶቹ ሊገድሉት እንደሚያሴሩ መናገር ሲጀምር ሆስፒታል ወሰዱት። ኪኒን ተሰጠው፤ ተሻለውም። ልጁ ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ጫት ይቅማል፤ ሲመሽ ደግሞ ለጨብሲ ወደ መጠጥ ቤት ጎራ ይላል። አባቱ «ጫቱን ካልተወ ለመድኃኒቱ አንዲት ሳንቲም አላወጣም» ብለዋል። ሩቅያ የሚቀሩለት ሰው «ኪኒኑን ካልተወ ቁርኣኑ አይሠራለትም» ብለዋቸዋል። ሕክምና ቦታ ያገኙት ባለሙያ ደግሞ ተቆጥቶ «ሱስህን ትተህ ተመለስ» ብሎ ሸኝቶታል። እናቲቱ በመጨረሻ የጠየቁን ይህን ነው፦ «ከሦስቱ የማንኛቸውን ቃል ልስማ?»

ሦስቱም ለልጁ ክፉ የሚመኙ ሰዎች አይመስሉኝም። ነገር ግን ሦስቱም ያሉት አንድ ነገር ነው፤ «መጀመሪያ ተው፣ ከዚያ እረዳሃለሁ» ነው ያሉት። ሊተው ያልቻለው ደግሞ ስለታመመ ነው።

ይህን የምለው ሌሎችን ልወቅስ ተነሥቼ አይደለም፤ እኔም ያው በር ዘግቼ አውቃለሁ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ኢማም ሆኜ በማገለግልበት መስጂድ ጫማ ማስቀመጫው አጠገብ ቁጭ የሚል አንድ ወጣት ነበር። ለዒሻ ይመጣል፤ ጉንጩ ላይ የጫት ምልክት አለ፤ አንዳንዴም ለብቻው ይስቃል። ሰጋጆች ሲያጉረመርሙ ሰማሁና አንድ ጁሙዓ ስለ ጫት ኹጥባ አደረግሁ። ስሙን አልጠራሁም። ዓይን ሁሉ ግን ወደርሱ ዞረ፤ እውነቱን ለመናገር እንዲዞር እፈልግ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ አልመጣም። «ምክሩ ሠራ» ብዬ ደስ አለኝ።

ከስምንት ወር በኋላ አጎቱ ዱዓ እንዳደርግለት ጠሩኝ። ወጣቱን ያገኘሁት ከጓሮ ባለች ክፍል፣ እግሩ ከአልጋው ጋር በሰንሰለት ታስሮ ነው። ለካ ከሆስፒታል የተሰጠውን ኪኒን በየምሽቱ ከዒሻ በኋላ በአንድ ኩባያ ውሃ የሚያስውጡት የመስጂዳችን ሙአዚን ኖረዋል! ለማንም አልነገሩም፤ ገበናውን መሸፈናቸው ነበር። እርሱ ወደ መስጂድ መምጣት ሲያቆም ኪኒኑም አብሮ ቆመ። እኔ ከጫት ያራቅሁት መስሎኝ ከመድኃኒቱ ነበር ያራቅሁት። ሙአዚኑን ለምን እንዳልነገሩኝ ጠየቅኋቸው። «ከዚያ ኹጥባ በኋላ እንዴት ልንገርህ?» አሉኝ።

ያን ወጣት ወደ ሕክምና ስንመልሰው የተቀበለን የሥነ አእምሮ ነርስ ያስረዳኝን ለእናንተም ላካፍላችሁ። ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ቅጠሉ ሲደርቅ ኃይሉ ስለሚጠፋ ነው ትኩስ ጫት የሚፈለገው። አሠራሩ አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ ጋር ይመሳሰላል፤ አእምሮ ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን መልእክት አመላላሽ ያበዛዋል። ድምፅ ለሚሰሙና በጥርጣሬ ለሚጨነቁ ሕሙማን የሚሰጡት ኪኒኖች ሥራ ደግሞ የዚያኑ ዶፓሚን ጉልበት መቀነስ ነው። ሰውዬው በአንድ እጁ እሳቱን እያጠፋ በሌላው ይቆሰቁሳል ማለት ነው።

ታዲያ ለምን ይቅማል? ይህን ጥያቄ ሕመምተኛውን በቁጣ ሳይሆን በእርጋታ ስንጠይቀው መልስ አለው። ኪኒኑ ያፈዘዋል፤ ሰውነቱን ያስረዋል፤ ቀን ሙሉ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። ለመንቃት ይቅማል። ከቃመ በኋላ ሌሊቱን አይተኛም፤ እንቅልፍ ማጣት ደግሞ ራሱ ሕመሙን ይቀሰቅሳል። ምርቃናውን ለማብረድ ይጠጣል። ከጠጣ በኋላ «ከመጠጥ ጋር ኪኒን አይወሰድም» ብሎ የዚያን ማታውን ይተወዋል። አንድ ማታ ሁለት ይሆናል፤ ሁለቱ ሳምንት ይሆናል። ድምፁ ይመለሳል፤ ከድምፁ ለመሸሽ እንደገና ይቅማል። አንድ ሌላ ምክንያትም አለ፤ እርሱን ስሰማ ነው ያፈርሁት። ያ ወጣት «እብድ ሳይሉኝ ቁጭ በል የሚሉኝ በርጫ ላይ ብቻ ነው» አለኝ።

ልብ በሉ፤ ጫት የሚቅም ሁሉ ይታመማል ማለቴ አይደለም፤ አእምሮውን የታመመም ሁሉ ሱስ ያመጣበት አይደለም። ሁለቱ ሲገናኙ ግን አንዱን ይዞ ሌላውን መተው አይቻልም። ነርሱ በአጭሩ ነገረኝ፦ «ሸኽ፣ ሰውዬው አንድ ነው፤ ለሁለት የከፈልነው እኛ ነን።» ስለዚህ በዘርፉ ያሉ ሐኪሞች የሚመክሩት ሱሱንና ሕመሙን በአንድ ጊዜ፣ ቢቻል በአንድ የባለሙያዎች ቡድን ማከም ነው። ሰውዬው እየቃመም ቢሆን ኪኒኑ አይከለከልም። በሳምንት ሰባት ቀን የሚቅመው አራት ቀን ቢያደርሰው ይበረታታል፤ ቢመለስበት ደግሞ «ድሮም አንተ» ተብሎ አይባረርም፣ ለምን እንደተመለሰበት ይጠየቃል።

እዚህ ላይ አንዳንድ ወንድሞች «ሸኽ፣ ሐራሙን ሐላል ልታደርግልን ነው?» እንደሚሉ አውቃለሁ። አይደለም። መጠጥ ሐራም ነው፤ አለቀ። ስለ ጫት ሊቃውንት ከጥንት ጀምሮ ተከራክረዋል፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን (እ.ኤ.አ.) የነበሩት ኢብኑ ሐጀር አል-ሀይተሚ ራሱን የቻለ ኪታብ ጽፈውበታል፤ ዛሬ ወደዚያ ክርክር አልገባም። የማወራው ስለ ድርጊቱ ፍርድ ሳይሆን ከሰውዬው ጋር ስለሚኖረን ነገር ነው። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያስተማሩን ደግሞ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ናቸው።

በሰሒሕ አል-ቡኻሪ የተዘገበ ነው። ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) የሚያስቃቸው ዐብደላህ የሚባል ሶሓባ ነበር። በመጠጥ ተይዞ በተደጋጋሚ ይቀርባል፤ ቅጣቱንም ይቀበላል። አንድ ቀን ከተሰበሰቡት አንዱ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ተናግሮ ረገመው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከለከሉት፤ ሰውዬው አላህንና መልእክተኛውን እንደሚወድ በመሐላ መሰከሩለት። አስተውሉ፤ መጠጡ ሐላል አልተባለም፣ ቅጣቱም አልቀረም። ሰውዬው ግን ከጀመዓው አልወጣም፤ ፍቅሩም አልተካደበትም።

ከዑመር (ረ.ዐ) የተወራውም እንዲሁ ነው። ከሻም ወደርሳቸው የሚመላለስ አንድ ብርቱ ሰው ነበር። ሲጠፋባቸው ጠየቁ፤ መጠጥ ላይ መውደቁ ተነገራቸው። ጸሐፊያቸውን ጠርተው የሱረቱ ጋፊር መክፈቻ የሆኑትን፣ ስለ አላህ መሐሪነትና ተውባ ተቀባይነት፣ ስለ ቅጣቱም የሚናገሩትን አንቀጾች አስጻፉለት። አጠገባቸው የነበሩትንም ዱዓ አድርጉለት አሉ። ሰውዬው ደብዳቤውን እየደጋገመ አንብቦ አለቀሰ፤ ተመለሰም። ዑመርም ወንድማችሁ ሲሰናከል ስታዩ እንዲህ አድርጉ፣ በእርሱ ላይ የሸይጧን አጋዥ አትሁኑ ብለው አስተማሩ። እኔ ለዚያ ወጣት ያደረግሁለትን ከዚህ ጋር ሳስተያየው ምን እንደሚሰማኝ ለእናንተ እተወዋለሁ።

ሩቅያን በተመለከተ፦ ቁርኣን መቅራት፣ ዱዓ ማድረግ የተፈቀደና የተወደደ ነው፤ የታመመ ልብንም ያረጋጋል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አላህ መድኃኒት ያላወረደለት በሽታ እንደሌለ ነግረውናል፤ መታከምንም አዘዋል። ቁርኣን የሚቀራ ሰው ኪኒን ጣሉ የሚለው ከየት አምጥቶ ነው? ኪኒንን በድንገት ማቋረጥ ሕመሙን ከቀድሞው አብሶ ሊመልሰው ይችላል። የሚደበድብ፣ የሚያስርብ፣ በሰንሰለት የሚያስር ቀሪ ካጋጠማችሁ ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ። ሙስሊሞች እኮ ለአእምሮ ሕሙማን ክፍል ያላቸውን ሆስፒታሎች የሠሩት ቀደም ብለው ነው፤ የኑረዲን ቢማሪስታን በደማስቆ በ1154፣ የሱልጣን ቀላውን በካይሮ በ1284 (እ.ኤ.አ.) ተመሥርተዋል። በ934 (እ.ኤ.አ.) የሞቱት አቡ ዘይድ አል-በልኺም የሰውነትንና የነፍስን ጤና አጣምሮ የያዘ ኪታብ ጽፈዋል። እርግጥ በእነዚያ ሆስፒታሎችም ሰንሰለት አይጠፋም ነበር፤ የጥንቱ ሁሉ ፍጹም ነበር ብዬ አልዋሻችሁም።

በአገራችን አዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ስለነበር «አማኑኤል ገባ» ማለት እንደ ስድብ ይቆጠር ነበር፤ ይህ ስም ብዙ ቤተሰብ ሕመሙን እንዲደብቅ አድርጓል። በ2012 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ግን አገልግሎቱ ከሌላው ሕክምና ጋር እንዲጣመር ያለመ ነው። በጉራጌዋ ሶዶ ወረዳም ጤና ጣቢያዎች ሰልጥነው ሕሙማንን በአካባቢያቸው ማከም እንደሚችሉ ታይቷል። የሥነ አእምሮ ክፍል ያላቸው ሌሎች ሆስፒታሎችም ስላሉ መጀመሪያ በቅርባችሁ ያለውን ጤና ጣቢያ ጠይቁ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። አንደኛው ስለ መጠጥ ነው። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው በአንድ ቀን ቢያቋርጥ መንቀጥቀጥ፣ መንፈራገጥና መቃዠት ሊደርስበት፣ ሊሞትም ይችላል። ክፍል ዘግታችሁበት «ይለቀዋል» አትበሉ፤ በሐኪም ክትትል ነው የሚያቆመው። ጫት ሲቆም እንዲህ ያለ አደጋ ብዙም የለም፤ ሀራራው፣ ዱካኩና ድብርቱ ግን አለ፤ ድብርቱ ከቆየ ወይም ሰውዬው ስለ መሞት ካወራ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይወሰድ።

ሁለተኛው ስለ ረመዳን ነው። በየዓመቱ ከረመዳን በኋላ የሚያገረሽባቸውን አያለሁ። ምክንያቱ ጾሙ ሳይሆን በጾሙ ወር የምናደርገው ነው፤ ኪኒኑ «ያስፈጥራል» ተብሎ ይተዋል፣ ጫቱ ወደ ሌሊት ይዞርና እስከ ሱሑር እንቅልፍ የለም። አላህ ለበሽተኛ ጾምን አግርቶለታል። ከረመዳን ሁለት ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ሐኪሙን «ሰዓቱ ወደ ኢፍጣርና ሱሑር ሊዛወር ይችላል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ለአንዳንዱ ይቻላል። እንደ ሊቲየም ያለ፣ ሰውነት ውሃ ሲያጣ መርዛማ ሊሆን የሚችል መድኃኒት ለሚወስድ ግን ራሱ መጾሙ በሐኪም ምክር የሚወሰን ነው፤ ሐኪሙ አትጹም ካለው ባይጾም ኃጢአት የለበትም።

አሁን ወደ እናቲቱ ልመለስ። እናቴ፣ ኪኒኑን ይቀጥል፤ ቢቅምም ባይቅምም። ለሐኪሙ ጫቱንም መጠጡንም አይደብቁት፤ ኪኒኑ የሚያፈዘው ከሆነም ይንገሩት፣ መጠኑን ወይም ዓይነቱን ሊለውጥለት ይችላልና። አንዱ ባለሙያ ቢቆጣዎት ሌላውን ይጠይቁ። ሩቅያውን ከፈለጉ ራስዎ ይቅሩለት፤ ከእናት የተሻለ ቀሪ አላውቅም። አባትየውን ደግሞ በጥበብ ያናግሩልኝ፤ ገንዘቡ ለጫቱ ማባበያ ሳይሆን ለልጃቸው ሕክምና መሆኑን ይንገሩልኝ። እርስዎም ይረፉ፤ ሦስት ዓመት ሌሊት ሌሊት የነቃ ሰው ራሱ ሊታመም ይችላል። እህትዎ ወይም ጎረቤትዎ በሳምንት አንድ ምሽት ይተኩዎት።

ያ ወጣት እንዴት ሆነ የምትሉ ካላችሁ፣ ዛሬም መስጂዳችን አለ። ሙአዚኑ ወደ አኼራ ሄደዋል፤ አላህ ይዘንላቸው። ኪኒኑን አሁን የሚያስታውሰው ከመስጂዱ ማዶ ያለ የጫማ ሱቅ ባለቤት ነው። ቅዳሜና እሁድ ይቅማል፤ ለእኔ አልደበቀኝም፣ እኔም አልቆጣሁትም። የዉዱእ ማድረጊያውን ቁልፍ ከሰጠነው አራት ዓመት ሆነው፤ ለሱብሒ ከእኔ ቀድሞ ይደርሳል።