እያሳሳቀ የሚወስደው ውሃ፦ ስለ ካያክ፣ ስለ ታንኳና ስለ ሕይወት አድን ጃኬት

«እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ» ይላሉ አበው። ተረቱ የተነገረው ስለ ሰው ተንኮል ቢሆንም፣ ለውሃ ያለን አመለካከት ውስጡ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እኛ የደጋ ሰዎች ውሃን ከዳር ሆነን እንወደዋለን፤ እንጠመቅበታለን፣ እንፈወስበታለን፣ ወደ ውስጡ ግን አንዘልቅም። ይህ ጽሑፍ ከምኖርበት ከኪስታ በብስክሌት ሩብ ሰዓት ያህል ርቆ ስለሚገኝ ባሕር፣ በላዩ ላይ ስለሚሄደው ካያክ ስለሚባል ጠባብ ጀልባ፣ ጀልባው ለአካልም ለነፍስም እንዲመች ስለሚዘጋጅበት መንገድ ነው። አንባቢ «በዚህ ሁሉ የአገር ጉዳይ መካከል የጀልባ ወሬን ምን አመጣው?» ቢለኝ አልፈርድበትም። እስከ መጨረሻው ግን ይታገሰኝ።

ከኪስታ በስተ ምሥራቅ ኤድስቪከን የሚባል ቀጭን የባሕር ወሽመጥ አለ። በእርሱ ወርዶ የስቶክሰንድን ድልድዮች ያለፈ ሰው ከስቶክሆልም ደሴቶች ጋር ይገናኛል። ትንሽ ትልቁ ተደምሮ 30 ሺህ ያህል ናቸው ይባላል። የባልቲክ ባሕር ጨው እዚህ አካባቢ ከ1 በመቶ በታች ነው፤ የባሕሩ ሙላትና ጉድለትም ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ስዊድኖች «አለማንስሬት» በሚሉት የጋራ መብት መሠረት ማንም ሰው ከመኖሪያ ቤት ራቅ ብሎ ባለቤቱን ሳያስፈቅድ አንድ ሌሊት ድንኳን ተክሎ ማደር ይችላል። ወፎች በሚፈለፈሉበት ወራት መውጣት የተከለከለባቸው ደሴቶች ስላሉ ግን ምልክቱን አንብቦ ማለፍ ግዴታ ነው።

ለመሆኑ ካያክ ምንድን ነው? የአርክቲክ ሕዝቦች የሆኑት ኢኑይቶች በባሕር ተንሳፎ ከመጣ እንጨትና ከአቆስጣ ቆዳ የሠሩት የአደን ጀልባ ነው። የዛሬው የባሕር ካያክ ርዝመቱ 5 ሜትር ያህል፣ ወርዱ 60 ሴንቲ ሜትር እንኳ የማይሞላ ሲሆን፣ የሚሠራውም ከፕላስቲክ ወይም ከፋይበር ግላስ ነው። ዋናው ብልሃቱ ከፊትና ከኋላ ያሉት ውሃ የማያስገቡ ክፍሎች ናቸው። ጀልባው ቢገለበጥ ውሃ የሚሞላው ሰው የሚቀመጥበት ክፍል ብቻ ነው፤ ሁለቱ ጫፎች አየር እንደያዙ ስለሚቀሩ አይሰጥምም። እነዚህ ክፍሎች ባይኖሩ በመቶዎች የሚቆጠር ሊትር ውሃ ይገባ ነበር፤ አንድ ሊትር ደግሞ አንድ ኪሎ ነው።

የጣና ታንኳ ይህንኑ ችግር በሌላ መንገድ ፈትቶታል። ከደንገል ስለሚታሰር ውሃ የሚሞላው ሆድ የለውም። በየአገዳው ውስጥ ያለው አየር ነው የሚያንሳፍፈው፤ ማዕበል ቢመታው ውሃው በመካከሉ ያልፋል። ድካሙ ደንገሉ ቀስ በቀስ ውሃ እየመጠጠ መክበዱ ነው። ስለዚህ ባለታንኳው ከሐይቁ አውጥቶ ያደርቀዋል፣ ጊዜው ሲደርስም አዲስ ያስራል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 ራ የተባለውን የደንገል መርከብ ሲያሠራ ደንገሉ የተወሰደው ከጣና ነበር። ያቺ መርከብ 5 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ አትላንቲክ ላይ ተፈታች። ከምክንያቶቹ አንዱ፣ በጥንታዊ የግብፅ ሥዕሎች ላይ ከመርከቡ ጅራት ወደ ወለሉ የተወጠረ ገመድ ይታይ የነበረ ሲሆን፣ የጅራቱን ቅርጽ ለማቆየት ብቻ መስሏቸው ማስቀረታቸው ነው። ለካስ ጅራቱ ወደ ውሃው እንዳይዘቅዝቅ ደግፎ የሚይዘው እርሱ ኖሯል! በተከታዩ ዓመት ሁለተኛዋ ራ በ57 ቀን ባርባዶስ ገባች። እኔ መሐንዲስ ነኝና ይህ ታሪክ አይረሳኝም፤ ጌጥ የሚመስለው ገመድ ሕይወት የተንጠለጠለበት ሊሆን ይችላል።

ካያክም እንደዚያው ነው። ጀማሪ ምቾትን እንደ ቅንጦት፣ ደኅንነትን እንደ ቁም ነገር ለይቶ ያያል። ነገሩ ግን አንድ ነው። ኢኑይቶች ካያክን የሚሠሩት በባለቤቱ አካል ለክተው ነበር፤ ምክንያቱም ጀልባውን የሚቆጣጠረው ክንድ ብቻ ሳይሆን ዳሌና ጉልበትም ነው። እግር ከመርገጫው፣ ጭን ከመደገፊያው፣ ዳሌ ከጎንና ከጎኑ፣ ወገብ ከኋላ ድጋፉ በደንብ ካልገጠመ ሰውየው መቀመጫው ውስጥ ይንሸራተታል። ማዕበል ሲመጣም ጀልባው ወደ አንድ ወገን፣ እርሱ ወደ ሌላ ይሆናል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፦ ውሃ የማይመጥ ጠንካራ ስፖንጅ፣ ስለታም ቢላዋና ማጣበቂያ። ከዳሌ ግራና ቀኝ ትንሽ በትንሹ እየሞረዱ መለጠፍ ነው። ልኩ እንዲህ ይታወቃል፦ ጀልባውን በዳሌ ማዘንበል ከተቻለ፣ ሲገለበጥ ደግሞ ያለ ትግል መውጣት ከተቻለ ልክ ነው። ጠብቆ ማነቅ የለበትም። እግር የሚያደነዝዝ መቀመጫም አደገኛ ነው፤ የደነዘዘ እግር ከጀልባ አያወጣምና።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በግንቦት ወር፣ ፀሐይዋ ደምቃ ሰው ሁሉ በሸሚዝ በሚሄድበት ቀን፣ በጥጥ ልብስ ወጣሁ። ጃኬቴን ለብሻለሁ፤ ቁልፉን ግን አልቆለፍኩም። አንዲት የሞተር ጀልባ ያስነሳችው ማዕበል ገለበጠኝ። አየሩ 20 ዲግሪ ቢሆንም ውሃው 10 አይሞላም ነበር። ያን ጊዜ የሆነውን ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል፤ ትንፋሼ ከቁጥጥሬ ውጭ ሆነ፣ ጃኬቱ ወደ አገጬ ወጣ፣ ጣቶቼም አልታዘዝ አሉ። አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬ ባይደርስልኝ ይህን አልጽፍም ነበር።

በኋላ እንደተማርኩት፣ ውሃ ከአየር በ25 እጥፍ ያህል ፈጥኖ የሰውነትን ሙቀት ይወስዳል። በካናዳ የማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጎርደን ጊስብሬክት ጉዳዩን በሦስት ቁጥሮች ያስተምራሉ፦ 1፣ 10፣ 1። በበረዶ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው ትንፋሹን ለማረጋጋት 1 ደቂቃ፣ እጅና እግሩን ለመጠቀም 10 ደቂቃ፣ በቅዝቃዜ ራሱን እስኪስት ደግሞ 1 ሰዓት ያህል አለው። ስለዚህ ሰው ለአየሩ ሳይሆን ለውሃው መልበስ አለበት። በፀደይና በመኸር ውሃ የማያስገባ ሙሉ ልብስ፣ በውስጡም ሱፍ ያስፈልጋል።

ከልብሱ ቀጥሎ የመቀመጫውን አፍ የሚከድነው ሽፋን አለ፤ ሲወድቁ ተስቦ የሚፈታበት ማሰሪያ ሁልጊዜ ከውጭ መታየት አለበት። የውሃ መምጠጫ ፓምፕ፣ መቅዘፊያው ጫፍ ላይ ታስሮ ተመልሶ ለመውጣት የሚረዳ የአየር ከረጢት፣ ፊሽካና ውሃ በማይገባበት ከረጢት የታሸገ ስልክ ይጨመራሉ። ስልኩ ከጃኬቱ ኪስ እንጂ ከጀልባው ሆድ አይቀመጥም፤ በስዊድን የአደጋ ጥሪው 112 ነው። የራሴ ሕግ ደግሞ ነፋሱ በሴኮንድ ከ5 ሜትር ካለፈ ጀማሪ ይዤ ክፍት ውሃ አለመሻገር ነው።

ጃኬቱን በመጨረሻ ያስቀመጥኩት ሆን ብዬ ነው። ባለፈው በጋ አንድ ወጣት ወገናችንን ወደ ኤድስቪከን ወሰድኩት። በሊቢያ በኩል ሜዲትራንያንን ተሻግሮ የመጣ ልጅ ነው። ጃኬቱን ስሰጠው አልለበሰውም፤ በሁለት እጁ ጨምቆ አገላበጠው። «ጋሼ፣ ይሄ እውነተኛ ነው?» አለኝ። የቱርክ ፖሊስ እ.ኤ.አ. በጥር 2016 ኢዝሚር ላይ ለስደተኞች የሚሸጡ ከ1,200 በላይ ሐሰተኛ ጃኬቶችን መያዙ ትዝ አለኝ። ውስጣቸው የታጨቀው የሚያንሳፍፍ ሳይሆን ውሃ የሚመጥ ነገር ነበር። «ጠርጥር ከገንፎም አለ ስንጥር» ማለት እዚህ ላይ ነው። ምልክቱን አብረን አነበብን፤ 50 ኒውተን ይላል። ይህ ዋና ለሚችል ሰው የሚሆን ነው፤ ራሱን የሳተን ሰው ፊቱን ወደ ሰማይ አይገለብጥለትም። «ዋና ትችላለህ?» አልኩት። «አልችልም» አለ። ያን ቀን ካያኩን ጭነን ተመለስን፤ በሳምንቱ የዋና ትምህርት ተመዘገበ።

ውድ አንባብያን፣ ነጥቤ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2013 ላምፔዱዛ አጠገብ ከ360 በላይ ሰዎች አለቁ፤ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ነበሩ። ስለ ባሕር በር ሌሊቱን ሙሉ የምንከራከር ምሁራን፣ ስንቶቻችን ነን 50 ሜትር የምንዋኝ? እዚህ ስዊድን ልጆቻችን 6ኛ ክፍል ሲደርሱ 200 ሜትር፣ ከዚያም ውስጥ 50ውን በጀርባ መዋኘት ይጠበቅባቸዋል። እኛ ግን ከዳር ቆመን ልብሳቸውን እንጠብቃለን። ልጅ ውሃ ሲገባ የሚከተለው ሳይሆን የሚጮህ ወላጅ ብቻ ካለው፣ ፍርሃታችንን እናወርሰዋለን እንጂ አናድነውም።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንዲሉ፣ ከካያኩ በፊት ዋናው፣ ከዋናውም በፊት ማፈርን መተው ነው። በአርባ ዓመቱ ዋና የተማረ ሰው አውቃለሁ፤ ይህን የሚጽፍላችሁ እርሱ ነው። ውሃ እያሳሳቀ የሚወስደው ያላወቀውን ነው።

ቸር ይግጠመን።

ኪስታ፣ ስቶክሆልም