ከእንቅርት ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሰማ የጉሮሮና የቁስል ሕመም፦ የሁለት ሕመሞች አያያዝ

በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች በአዮዲን እጥረት የሚመጣ እንቅርት ለረጅም ዘመን የታወቀ የጤና ችግር በመሆኑ፣ የታይሮይድ ዕጢ ቀዶ ሕክምና በሀገሪቱ ሆስፒታሎች በተደጋጋሚ ይከናወናል። ታካሚው ከሰመመን ሲነቃ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሕመሞች ይሰሙታል፤ አንደኛው የአንገቱ ቁስል ሕመም ሲሆን፣ ሁለተኛው ምራቅ ሲውጥ የሚብሰው የጉሮሮ ሕመም ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሆኑ እንደ አንድ ይታያሉ። ይሁን እንጂ መነሻቸውም ሆነ ስሜታቸውን የሚያስተላልፉት ነርቮች የተለያዩ ስለሆኑ፣ አንዱን የሚያስታግሰው ዘዴ ሌላውን ላያስታግስ ይችላል።

የአንገት የፊትና የጎን ቆዳ ስሜት የሚተላለፈው ከ2ኛው እስከ 4ኛው የአንገት ነርቮች በሚወጡ ቅርንጫፎች ነው። እነዚህ ቅርንጫፎች በአንገት ጎን ካለው ትልቅ ጡንቻ የኋላ ጠርዝ አጋማሽ አካባቢ ተቀራርበው ይወጣሉ። በዚያ ቦታ በግራና በቀኝ እንደ ቡፒቫኬይን ያለ ማደንዘዣ መውጋት የቁስሉን ሕመም ይቀንሳል፤ ሞርፊንና መሰል መድኃኒቶችን የመጠቀም አስፈላጊነትንም ያሳንሳል።

የጉሮሮው ሕመም በአብዛኛው የሚመጣው ለመተንፈሻ ከገባው ቱቦ ነው። የማንቁርትና የአየር ቧንቧ ስሜት የሚተላለፈው በቬገስ ነርቭ ቅርንጫፎች ስለሆነ፣ ከላይ የተገለጸው መርፌ አይደርስበትም። በቱቦው ጫፍ አካባቢ በአየር የሚሞላው ካፍ የአየር ቧንቧውን ውስጠኛ ሽፋን ይጫናል፤ ግፊቱ ከ30 ሳንቲ ሜትር ውኃ ሲበልጥ ወደ ሽፋኑ የሚደርሰው ደም ይቀንሳል። በታይሮይድ ቀዶ ሕክምና ወቅት ደግሞ አንገት ወደ ኋላ ተለጥጦ ስለሚቆይና የአየር ቧንቧው በሥራው መካከል ስለሚገፋ፣ መጀመሪያ ልክ የነበረው ግፊት ሊጨምር ይችላል።

ስለዚህ የጉሮሮ ሕመምን ማስታገስ የሚጀምረው ከመከላከል ነው። ለታካሚው የሚበቃውን አነስተኛ ቱቦ መምረጥና የካፉን ግፊት ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ውኃ ባለው ክልል መጠበቅ ያስፈልጋል። ግፊቱን በጣት ዳስሶ መገመት አሳሳች በመሆኑ በመለኪያ መለካት፣ አንገቱ ከተለጠጠ በኋላም ልኬቱን መድገም ይገባል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት በደም ሥር የሚሰጥ ዴክሳሜታሶን የጉሮሮ ሕመምንም ሆነ ማስታወክን ይቀንሳል፤ የደም ስኳርን ከፍ ስለሚያደርግ ግን ለስኳር ሕሙማን ጥንቃቄ ይሻል። በኋላም ፓራሲታሞል በመደበኛ ሰዓት መስጠት ለሁለቱም ሕመሞች መሠረት ይሆናል።

ይሁንና ማስታገሻ ከመጨመር በፊት ታካሚውን መመርመር ይቀድማል። የአንገት እብጠት፣ የመጥበብ ስሜት ወይም የመተንፈስ ችግር ከታየ፣ በቁስሉ ውስጥ የተጠራቀመ ደም የአየር መተላለፊያውን እየዘጋ ሊሆን ይችላል። ይህ አደጋ በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ የሚከሰት ሲሆን፣ አስፈላጊ ከሆነ ቁስሉን በታካሚው አልጋ ላይ እስከ መክፈት የሚያደርስ አስቸኳይ ርምጃን ይጠይቃል። የማይለቅ የድምፅ መጎርነን ደግሞ የድምፅ አውታር ነርቭ ጉዳት ምልክት ሊሆን ስለሚችል ምርመራ ያስፈልገዋል።

ልዩነቱ ለተመራማሪም ቁም ነገር አለው። ታካሚው ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ባለው መለኪያ በአንድ ቁጥር ብቻ እንዲገልጽ ከተጠየቀ፣ የቁስሉና የጉሮሮው ሕመም ይቀላቀላሉ፤ የአንዱ መሻሻልም በሌላው ይሸፈናል። የቁስሉን ሕመም በዕረፍት ጊዜ፣ የጉሮሮውን ደግሞ በሚውጥበት ጊዜ ለይቶ መመዝገብ የትኛው ዘዴ ለየትኛው ሕመም እንደ ጠቀመ ለማወቅ ያስችላል።