ዳግም የተሞላ ጥይት በተቀየረ ሽጉጥ

ዓለም አቀፉ የተግባራዊ ተኩስ ኮንፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1976 አሜሪካ፣ ሚዙሪ ግዛት ውስጥ ኮሎምቢያ ከተማ ላይ ተመሠረተ። በዚህ ስፖርት ሮጦና ተሽከርክሮ መተኮስ ስላለ ብዙ ተወዳዳሪዎች የሽጉጣቸውን ክፍሎች ያስቀይራሉ። ልምምዱ ጥይት ስለሚጨርስ፣ ወጪ ለመቀነስም ለሽጉጣቸው የሚስማማ ጥይት ለማግኘትም ራሳቸው ይሞላሉ።

ጥይት ከተተኮሰ በኋላ ቀለሁ ይተርፋል። የሚሞላው ሰው አጽድቶ ወደ ልኩ ይመልሰዋል፤ ከግርጌው በመርፌ ሲመታ እሳት የሚሰጠውን ቆብ ይተካል፣ ባሩድ መዝኖ ይጨምራል፣ እርሳስ ይገጥምበታል። ለ9 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚያስፈልገው ባሩድ ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም። አንዳንዱ ፈጣን ባሩድ ቦታ ስለማይዝ፣ ሐሳቡ የተሰረቀ ሰው ሁለቴ ቢጨምርም ቀለሁ አይፈስም። የዚህ ጥይት የግፊት ጣሪያ በአሜሪካ መስፈርት በካሬ ኢንች 35,000 ፓውንድ ነው፤ እጥፍ ባሩድ ያንን ጥሶ ሽጉጡን እጅ ላይ ሊያፈነዳው ይችላል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ባሩድ የተረሳበት ጥይት ነው። ቆቡ ብቻውን እርሳሱን ገፍቶ አፈሙዙ ውስጥ ይቀረቅረዋል። ድምፁ ደካማ ነው፤ ሽጉጡም እንደ ወትሮው ወደ ኋላ አይገፋም። ተኳሹ ሳያጣራ አቀባብሎ ከደገመ ሁለተኛው እርሳስ ከመጀመሪያው ጋር ይጋጫል፣ አፈሙዙም ያብጣል ወይም ይሰነጠቃል።

የተቀየረው ሽጉጥ ነገሩን የሚያባብሰው እዚህ ላይ ነው። ምላጩ እንዲቀል ሞላው ሲለወጥ መርፌው አንዳንዴ ቆቡን በደንብ አይመታውም፤ ጥይቱ ይከሽፋል። ክሽፈት የለመደ እጅ ደግሞ ሳያስብ አቀባብሎ መቀጠልን ይማራል። እርሳስ በተቀረቀረ ጊዜ ከዚህ የከፋ ልማድ የለም። የመጠበቂያ ክፍሎች ያለ ሙያ ከተሞረዱም ሽጉጡ ሲወድቅ ሊተኩስ ይችላል።

ግሎክን ጨምሮ ብዙ አምራቾች በመመሪያቸው ዳግም የተሞላ ጥይትን ይከለክላሉ፤ ፋብሪካው የፈተሸው ሽጉጥም ጥይትም ከተለወጡ ዋስ የሚሆን የለም።

ስለዚህ የምትተኩስ ከሆነ ድምፁ ከሳሳብህ አቁም። አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳዞርክ ጥቂት ጠብቅ፤ ካዝናውንና ጥይቱን አውጣ፣ ባዶ መሆኑን አረጋግጥ፣ አፈሙዙ መዘጋት አለመዘጋቱን ሳታጣራ አትቀጥል። ሌላ ሰው የሞላውን ጥይት ደግሞ ከነጭራሹ አትተኩስ።