ያውቁ ኖሯል? ከሰባራ ድልድይ እስከ ዲማ

ከሞጣ ወደ ዓባይ ሲወርዱ በጎንደር ነገሥታት ዘመን በድንጋይና በኖራ የተሠራውን ሰባራ ድልድይ ያገኛሉ። የመካከሉ ቅስት በጣሊያን ወረራ ዘመን ስለፈረሰ፣ መንገደኛው ለአሥርተ ዓመታት ገመድ ወገቡ ላይ ታስሮ፣ ከወዲህና ከወዲያ በቆሙ ጉልበተኞች እየተጎተተ ነበር የሚሻገረው።

ከብቸና ብዙ በማይርቀው ዲማ ጊዮርጊስ ደግሞ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረዋል፤ ዲማ በ1958 ዓ.ም. በታተመው ልብ ወለዳቸው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥም አለ።

ምሳዎን ብቸና ይብሉ። በአገሩ ነጭ ጤፍ እንጀራ ላይ የሚንተከተክ ሽሮ ሲፈስና በየዓይኑ ሲሰርግ ማየቱ ራሱ ያስጎመጃል። ወደ ዓባይ የሚወርዱ ከሆነ ግን በማለዳ ይነሡ፤ የቆላው ፀሐይ ከረፋዱ ጀምሮ ይበረታል።